የጳጉሜን ዝናብ ፍለጋ ወደ ጉንደ ወይን

ከጎጃም ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ቢሮ ስገባ፣ ሰፈር ስወጣ፣ እናቴ ቤት ስሄድ "መንገድ እንዴት ነበር?" ይሉኛል። "ደህና ነበር" እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ ከደህናም በላይ ነበር፤ ግን ቆሜ በሁለት ቃል የምነግረው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሆነውን በተርታ ጻፍኩት። የጻፍኩት እዚያ ሄዶ ለማያውቅ፣ ምናልባትም ለማይሄድ ሰው ነው። አገሩን የሚያውቁ ሰዎች የተሳሳትኩትን ይለፉኝ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ሥራዬ የምርምር መረጃ ማደራጀት ነው። ቢሯችን አገራችንን ወደ አንድ ዓለም አቀፍ የክፍት ሳይንስ መረብ ለማስገባት እየተዘጋጀ ነው። መረቡ፣ በቀላሉ ለመናገር፣ አገሮች ተመራማሪዎቻቸው የሰበሰቡትን መረጃ የትም ያለ ሰው ደጅ ሳይጠና አግኝቶ እንዲሠራበት የሚያስቀምጡበት የጋራ ቤት ነው። ለመግባት ኮምፒውተርና መስመር ብቻ አይበቃም፤ የምናስቀምጠው መረጃ እውነተኛና የተሟላ መሆኑን በናሙና ማሳየት አለብን። ለናሙና የመረጥነው የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ ዝናብ ነው። በተለይ ጉንደ ወይን አጠገብ የሚኖሩ አንድ የቅኔ መምህር፣ የኔታ ልሳነወርቅ፣ ግቢያቸው ውስጥ በተተከለ መለኪያ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በየማለዳው ለክተው ሲልኩልን የኖሩት መዝገብ ዋናችን ነበር።

ናሙናውን ላክን። ከመረቡ መርማሪዎች አንዷ መለሰች። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጣቢያ በየዓመቱ በአንድ ወቅት አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ይጎድላል፤ ለምን? እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ጣቢያው የማያስተማምን ተብሎ ይወጣል፣ የእኛም መግቢያ ወደሚቀጥለው ዙር ይገፋል።

ደብዳቤውን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት። ጳጉሜን ናታ! የጣልኳትም እኔ ነኝ። አዲስ ተቀጣሪ ሳለሁ የኔታ የላኩትን የቆየውንም አዲሱንም የወረቀት ቅጽ ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነበርኩ። የተሰጠኝ ሠንጠረዥ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበረው፤ ጳጉሜንን ሳስገባ እምቢ ይለኛል። አለቃዬን መጠየቅ አፈርኩና "አምስት ቀን ምን ያጎድላል" ብዬ ዘለልኳት። በዓመቱም ዘለልኳት፣ ከዚያ በኋላም። አሥራ ሦስት ወር ባላት አገር ተወልጄ አሥራ ሦስተኛዋን የጣልኩ ጉድ ነኝ። የወረቀት ቅጾቹስ? የመዝገብ ቤታችን ጣሪያ አፍስሶ ከነካርቶናቸው በሰበሱ። የዝናብ መዝገብ ዝናብ በላው ቢሉት ማን ያምናል? የቀረው ተስፋ የኔታ ለራሳቸው ይይዙታል የተባለው ደብተር ብቻ ነበር። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሳያጓድሉ የለፉበት ሥራ በእኔ ስንፍና "የማያስተማምን" ሊባል ነው። ይህን ይዤ ነው የተነሣሁት።

ሰኞ

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን፣ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ጡረታ የቀረባቸው፣ መኪናቸውን እንደ በቅሎ የሚያናግሩ ሰው ናቸው። "በይ እንግዲህ፣ አታሳፍሪኝ" ይሏታል ሞተር ሲያስነሱ። እሷ ግን አሳፈረቻቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ድልድዩ ጋ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሽቅቡን ስንጀምር መኪናዋ እኔን አይታ መሰለኝ እሷም ጋለች። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ተነሣ።

ዳር ይዘን ቆምን። ብዙም ሳንቆይ ከኋላችን እህል የጫነ ከባድ መኪና ቆመ። ሾፌሩ ሳንጠይቀው ጀሪካን ይዞ ወረደ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ከጋሽ ታደሰ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አወራ፣ ውኃውን ሞላልንና ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሄደ። አዲስ አበባ መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ቀድሞ የሚደርስልህ ክላክስ ነው። እግዜር ይስጠው፣ እዚህ ውኃ ደረሰልን።

ምሳ ደጀን በላን። ጾም ስለሆነ ሽሮ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሽሮ! አስተናጋጇ ሳህኑ ሲጎድል እያየች ትጨምራለች፤ ሰፈሬ ምግብ ቤት ተጨማሪ ማባያ ስትጠይቅ የሚያዩህን አስተያየት እያሰብኩ አፈርኩ። ጠገብኩ፣ ተመሰጋገንን፣ ወጣን። ደብረ ማርቆስ ልንገባ ስንል ነው የኮምፒውተር ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ ትቼው መምጣቴን ያወቅኩት።

"ወይኔ ሰብለ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ታደሰ ፍሬን ያዙ። "ሰው ገጨሁ እንዴ?" አሉ። ቦርሳው ውስጥ የሳምንቱ ሥራ ሁሉ አለ።

እትዬ የሺ የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፋችን መዝገብ ያዥ ናቸው፤ የኔታ ደብተር እንዳላቸው የነገሩንም እሳቸው ነበሩ። ቢሮ በር ላይ ፊቴን ሲያዩ መጀመሪያ አቀፉኝ፣ ቀጥሎ ነው "ምን ሆነሽ ነው?" ያሉኝ። ነገርኳቸው። ስልክ አወጡ፣ ደጀን የሚያውቁት ሰው ዘንድ ደወሉ፣ እሱ ሌላ ሰው ጠራ። "ተገኝቷል። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ይመጣል" አሉኝ። የያዝኩት አልጋ ቤት ውኃ እንደሌለው ስነግራቸውማ ጭራሽ ተቆጡ፦ "እኔ እያለሁ አልጋ ቤት? ኧረ በማርያም አታሰድቢኝ!" ያን ቀን እሳቸው ቤት፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ተኛሁ። የደብረ ማርቆስን ብርድ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ብርድ የምንለው ለእነሱ ነፋሻ አየር ነው።

ማክሰኞ

ቦርሳው መጣ። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሲገባ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ዚፑ በክር ታስሮ ነበር፤ የደጀኗ ምግብ ቤት ባለቤት "መንገድ ላይ እንዳይከፈት" ብላ ነው ያሰረችው። ለመፍታት መቀስ አስፈለገኝ። ሁሉም ነገር ነበር። ውስጡ አንድ ትንሽ ፌስታል ቆሎም ተጨምሮበታል። ቆሎውን እያየሁ መናኸሪያው መሐል እንባዬ መጣ፤ ጋሽ ታደሰ "ምን ጎደለ?" አሉኝ ደንግጠው።

ቀኑን ሙሉ ከቅርንጫፉ ሠራተኞች ጋር መስመሩን ስንፈትሽ ዋልን። ውጭ አገር ካለው የመረቡ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አለበት፤ ይገናኛል፣ ይቋረጣል፣ ይገናኛል። አዲስ አበባ ቢሮ ሆኜ በስልክ "ለምን አይሠራም?" እያልኩ የምጨቀጭቃቸው ሰዎች በምን መሣሪያ እንደሚሠሩ ያን ቀን አየሁ። አንዱ ከገዛ ቤቱ ባትሪ አምጥቶ ነው ኮምፒውተሩን ያቆመው። ሁለተኛ እንደማልጨቀጭቃቸው ለራሴ ቃል ገባሁ።

ለየኔታ በስልክ መናገር አልተቻለም። የልጃቸው የአዝመራ ስልክ ይጠራል፣ ይጠፋል። "ሂዱ ዝም ብላችሁ፤ የኔታ የት ይሄዳሉ?" አሉ እትዬ የሺ።

ረቡዕ

ወደ ደጀን መንገድ ተመልሰን፣ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ጉንደ ወይን ገባን። በግራ በቀኝ ጤፍ ይታጨዳል። ከከተማው ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄደን፣ መኪናውን አንድ ገበሬ ደጅ አቁመን በእግር ወረድን። ባለቤቱ የማን መኪና እንደሆነ ሳይጠይቅ "እኔ አያታለሁ፣ ሂዱ" አለን። መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ እያነከስኩ ነው የኔታ ደጅ የደረስኩት።

የኔታ ልሳነወርቅ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሰው ናቸው። ዛፍ ሥር ለተማሪዎቻቸው ቅኔ እየነገሩ ያስቀጽላሉ። ከጎናቸው፣ በእሾህ ታጥሮ፣ የዝናብ መለኪያው ቆሟል። ያን ቆርቆሮ ሳየው የማውቀው ሰው ያየሁ መሰለኝ።

"ደኅና ገባችሁ? ምነው ልጄ፣ ታነክሻለሽ?" አሉ። ልጃቸው አዝመራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ጠንካራ ሴት፣ እግሬን በሞቀ ውኃ አሽታ በጨርቅ አሰረችው። ቀጥሎ ምግብ መጣ፦ በሱፍ የራሰ ፍትፍት። "ብሉ እንጂ! በሞቴ!" እያለች ታጎርሰናለች። ጋሽ ታደሰ በቃኝ ማለት አቃታቸው። እኔ ግን አልወርድልሽ አለኝ። ሰው እየበደሉ ከገበታው መብላት እንዴት ይከብዳል!

"የኔታ፣" አልኩ፣ "የመጣሁት አንድ ነገር ልናዘዝ ነው።"

"ንስሐ ከሆነ ቄስ ላስጠራልሽ። እኔ መሪጌታ ነኝ፣ አላናዝዝም" አሉና ፈገግ አሉ።

"ጳጉሜንን ጥያታለሁ።"

"ጳጉሜንን?"

"ከላኩልን መዝገብ። ኮምፒውተሩ አልቀበል ሲለኝ ዘለልኳት።"

"የስንት ዓመቱን?"

"የሁሉንም።"

ፈገግታው ጠፋ። አዝመራ ሳህኑን አስቀመጠች። "የጳጉሜንን?" አለች። "የሩፋኤልንም? በሩፋኤል ዕለት አገሩ ሁሉ ዝናቡን ሊጠመቅ ወጥቶ ሲጨፍር፣ አባባ እኮ ውኃ እንዳይረጩበት መለኪያውን ሲጠብቁ ነው የሚውሉት! ሲያስላቸው አድሮ ጠዋት ካፖርት ደርበው ነው የሚወጡት! አንቺ ጣልሽው?"

"ጣልኩት" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ልጅነቴን፣ የሠንጠረዡን ነገር፣ አለቃዬን መፍራቴን ልደረድር ብዬ ነበር፤ ተውኩት። እስከ ዓርብ ካላስተካከልኩት የእሳቸው ጣቢያ የማያስተማምን እንደሚባል ብቻ ነገርኳቸው። ደብተሩን እንዲያውሱኝ ለመንኩ።

"ደብተር!" አለች አዝመራ። "አጥኚ ነን ያሉ ሰዎች ሁለቱን 'በሳምንቱ እንመልሳለን' ብለው ወሰዱ። ይኸው እስካሁን ሳምንቱ አላለቀም።" እውነቷን ነው። መረጃችን ለዓለም ክፍት ይሁን እያልን የምንሰብክ ሰዎች ከገበሬው ቤት የወሰድነውን ስንቱን መልሰናል?

የኔታ ብዙ ዝም አሉ። ቀጥሎ እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ደብተር አላውስም። መምህሬ መጽሐፍ ለሌላ ደብር ሲሰድ አንድ ሰው ያስከትለው ነበር። ሰውየው መጽሐፉ አጠገብ ይበላል፣ አጠገቡ ይተኛል። ተገልብጦ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ይመለሳሉ። ደብተሬን የምትፈልጊ ከሆነ እኔንም ጨምረሽ ውሰጂኝ።"

"አባባ፣ በዚህ ጉልበትዎ?" አለች አዝመራ።

"መኪና ላይ ጉልበቴ ምን ይሠራል?"

ሳቅሁም አለቀስኩም። እንድንመለስ አልፈቀዱልንም፤ አዝመራ የራሷን መደብ ለእኔ ለቀቀችልኝ። ሰው የተቆጣበትን እንግዳ እንደዚያ ሲያስተኛ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ

ጠዋት የኔታ መለኪያውን ካላዩ አልሄድም አሉ። እሾሁን ከፈቱ፣ ውስጡን አዩ፣ ደረቅ ነው፣ ጻፉ። ታኅሣሥ ላይ ደረቅ መሆኑን እኔም ሳላይ እነግራቸው ነበር። "እስክመለስ አንቺ ነሽ" ብለው ለአዝመራ አስረከቧት። ደብተሮቹን በነጠላ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ታደሰ ኋላ ላይ እናስቀምጠው ቢሉ፣ ቀበቶ ይሰሩ ቢሉ፣ አይሆንም። በመጨረሻ ቀበቶው ሰውንም ደብተርንም አንድ ላይ አሰረ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጎማ ተነፈሰ። እሱ ሲቀየር የኔታ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጠየቁኝ፦

"ይህ መረብ የምትሉት የማን ነው?"

"የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው።"

"ዝናቤን ማን ያየዋል?"

"የፈለገ ሁሉ። ብራዚል ያለ ሰው፣ ሕንድ ያለ ሰው።"

"ሳይጠይቀኝ?"

"ሳይጠይቅዎት። ግን በሠራበት ሁሉ ስምዎን መጥራት አለበት።"

አሰቡበት። "እንደ ቅኔ ነው በያ" አሉ። "ከአፌ ከወጣ በኋላ የሰማ ሁሉ ይወስደዋል፤ ግን የእገሌ ቅኔ ይባላል።" ይህንን ነገር በስብሰባ አዳራሽ በስላይድ ሲያስረዱኝ ስንት ቀን ፈጅቶባቸዋል! የኔታ ጎማ እስኪቀየር ጨረሱት።

ደብረ ማርቆስ እትዬ የሺ ደጅ ላይ ጠበቁን። ለየኔታ የሞቀ ውኃ አቅርበው እግራቸውን አጠቡ፣ የተሻለውን አልጋ ሰጧቸው። ደብተሮቹ ከትራሳቸው አጠገብ አደሩ።

ዓርብ

የኔታ ለቢሮ በሚልኩት ቅጽ እንደ ማንኛችንም ይጽፋሉ፤ የራሳቸው ደብተር ግን በግዕዝ ቁጥር ነው። እኔ ቶሎ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ እሳቸው በዜማ ያህል ያነባሉ፣ እኔ አስገባለሁ፣ እትዬ የሺ በወረቀት ያመሳክራሉ። በዚህ ጊዜ ሠንጠረዡን አሥራ ሦስት ወር አድርጌው ነበር።

"ጳጉሜን አንድ፣ ስምንት። ጳጉሜን ሁለት፣ ብራ። ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል፣ አሥራ ዘጠኝ።"

"ብራ ምንድን ነው የኔታ?"

"ያልዘነበ ቀን። የግዕዝ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል፤ ለባዶ ምልክት የለውም። ብራ ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ወጥቼ አይቼ ነው።"

ለካ ትናንት ጠዋት ደረቁን ቆርቆሮ የጎበኙት ለዚህ ነው። ብራ ሲሉ ዜሮ እመታለሁ። በእኩለ ቀን መብራት ጠፋ፤ ባለ ባትሪው ልጅ ባትሪውን አምጥቶ አያያዘልን። የተወሰዱት ሁለት ደብተሮች ያሉበት ቦታ ክፍት ቀረ፤ እሱን እንዳለ "ደብተሩ አልተመለሰም" ብዬ ጻፍኩ። የለካው ሰው ስም በሚለው፣ ስንት ዓመት ባዶውን በኖረው ቦታ ላይ "መሪጌታ ልሳነወርቅ" ብዬ ሳስገባ የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ ብለው አዩት።

መረቡ ናሙናውን ሰኞ ተቀብሎታል፤ ጣቢያውም ገብቷል፣ እኛም ገብተናል። እሱን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል፤ መጨረስ የምፈልገው በሌላ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከመጨረሻዎቹ ደብተሮች አንዱ ላይ ደረስን። የኔታ "ነሐሴ ሠላሳ፣ አሥራ አንድ" አሉና ቆሙ። ጠበቅሁ። ደብተሩን አየሁት፦ ከነሐሴ ቀጥሎ አምስት ባዶ መስመር፣ ከዚያ መስከረም።

"ብራ ነበር?" አልኳቸው። ጣቴ ዜሮዋ ላይ ነበር።

"ኧረ ተይ! ዜሮ አትበይ።" እጄን ያዙኝ። "ዘንቧል። በሩፋኤል ዕለት አገሩ ሁሉ ወጥቶ ተጠምቋል፣ ሳቃቸው ድንኳኑ ድረስ ይሰማኝ ነበር። የአዝመራን እናት የቀበርንበት ሰሞን ነው። መለኪያው ከደጄ ነው፤ አሥር እርምጃ አይሆንም። መውጣት አቃተኝ።"

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

"ረቡዕ ዕለት የተቆጣሁሽ መስሎሽ ይሆናል" አሉ የኔታ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይህችን እያሰብኩ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ የጣልሽው ከደብተሬ ተገኘ። እኔ የጣልኩት ግን የትም የለም።"

ዜሮውን አልመታሁም። አምስቱን ቀን ባዶ ትቼ፣ ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ "ዝናብ ነበረ። አልተለካም።" ብዬ ጻፍኩ። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው።

"ልክ ነው" አሉ። "አሁን ላኪው።"